የማክሰኞ ኮከብ

ሰኞ ማታ የመጨረሻው በርሜል ከቢራ ይልቅ አየር መትፋት ሲጀምር ኦቲሊ እፎይ አለች። ከዓርብ ጀምሮ እንደ ቆመች ነበር። እግሯ አብጦ ጫማዋን ሞልቶታል፤ ቀኝ ትከሻዋም ከበጋ ወዲህ ከራሷ በላይ አልነሣም ብሎ አድሟል። የመስታወት ፋብሪካው ሠራተኞች እየዘፈኑ ከወጡ በኋላ ብርጭቆውን አጠበች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የተረፈውን ቋሊማ ለድመቷ ጣለችላትና ከነሽርጧ አልጋዋ ላይ ወደቀች። አንድ ነገር ግን ረሳች። ከበሯ በላይ፣ በረጅሙ ዘንግ ጫፍ የሚንጠለጠለው ባለስድስት ጨረር የእንጨት ኮከብ እንደ ተሰቀለ አደረ።

በናብ ወንዝ ዳር ባለችው አሮጌ ከተማችን ይህ ተራ መርሳት አይደለም። ሰው መጥበሻ እሳት ላይ ይረሳል፣ ቁልፍ ይረሳል፣ አንዳንዱም ሚስቱን ገበያ ረስቶ ይመጣል፤ ኮከብ የረሳ ግን አልሰማንም። ኮከብ የወጣበት ቤት ቢራ አለ ማለት ነው። ቢራ ያለበት ቤት ደግሞ ማንንም ከደጅ አይመልስም። ተራውም በቤት በቤት ነው፤ የአንዱ ኮከብ ሳይወርድ የሌላው አይሰቀልም፣ በሌላው ተራ ኮከብ ማውጣትም ትልቅ ነውር ነው።

የመጥመቅ መብት እኛ ዘንድ የቤት እንጂ የሰው አይደለም። ቤቱን የወረሰ ከጣሪያውና ከመስኮቱ ጋር ጠማቂነትንም ይወርሳል፣ ወደደም ጠላም። ሁሉም ብቅሉን ይዞ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው የጋራ ጠመቃ ቤት ይወርዳል፤ በትልቁ የመዳብ ጋን፣ በእንጨት እሳት ያፈላል፣ የቢራውን ጌሾ ይጨምራል፣ ያደረውንም ጣፋጭ ውኃ ወደ ምድር ቤቱ ወስዶ ከጎረቤት በተበደረው እርሾ ይጠነስሰዋል። ድሮ በየመንገዱ ኮከብ ነበር። ቴሌቪዥን በየቤቱ ከገባ፣ ሰዉም የጠርሙስ ቢራ ይዞ ሶፋ ላይ መጋደም ከለመደ ወዲህ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዉት። አሁን የቀሩት ሦስት ናቸው፦ የሸማኔው ቤት ኦቲሊ፣ የቀጥቃጩ ቤት ኢግናዝ እና በከተማው ላይኛ በር ያለው ማትስ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል የሁለት ቤት እንጨት ያንን ጋን አያሞቀውም። ይህን ሦስቱም ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁትም አያነሡትም።

ኦቲሊ ቢራ ወድዳ አታውቅም። የወደደችው ኮርቢኒያንን ነበር፤ እሱ ደግሞ ከጋኑ ጋር የሚያወራ፣ እሳቱን እንደ ልጅ የሚያባብል ሰው ነበር። አግብታው መጣች፣ ጠመቃውም ተከትሎ መጣ። ባሏ ሲሞት ከቀብር የተመለሱት ወንዶች እዚሁ ሳሎን ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ "የሚቀጥለው ተራ ያንቺ ነው አይደል፣ ኦቲሊ?" አሏት። ጥቁር የለበሰች ሴት ምን ትላለች? "አዎ" አለች። ይቺ አንዲት "አዎ" አራት ዓመት ሙሉ እንጨት አስፈለጠቻት።

ዘንድሮ ግን ቆርጣ ነበር። ይህ የመጨረሻው ጥንስስ ይሆናል፣ ለኢግናዝም ዓርብ እነግረዋለሁ ብላ ነበር። ዓርብ ኢግናዝ መጣና ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየ፤ "የሸማኔው ቤት እስካለ ድረስ ይቺ ከተማ አትጠማም" አለ። ኦቲሊ ነገሩን ትታ ብርጭቆውን ሞላችለት። ቅዳሜ ሰው በዛ፣ እሑድ ሚስቱ አብራው መጣች፣ ሰኞ ደግሞ ጉልበቷ አለቀ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሩ ተደበደበ። ኦቲሊ ፀጉሯን እየሰበሰበች ከፈተች። የፋብሪካው እሳት ጠባቂ ጌብሃርድ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ ቆሟል።

"ምነው ኦቲሊ፣ ኮከቡ ከአንቺ ቀድሞ ተነሣ እኮ!"

"የምን ኮከብ?" አለችና ቀና አለች። ኮከቡ ዘንጉ ጫፍ ላይ ይወዛወዛል።

አልቋል፣ ሂዱ ማለት ትችል ነበር። ግን ከኮከብ ሥር ቆሞ "ቢራ የለም" ያለ ሰው በከተማችን እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ይታማል። አስገባቻቸው። ዳቦ ቆረጠች፣ የአሳማ ስብና ሽንኩርት አቀረበች።

"ቢራውስ?" አለ ጌብሃርድ።

"ይመጣል። ምን አጣደፈህ፣ ምጥ ይዞሃል?"

ከዚያ በጓሮ ዞራ ባለ መንጠቆውን እንጨት ይዛ ወጣች። ትከሻዋ እንቢ አለ፤ ዓርብም የሰቀለላት የጎረቤት ልጅ ነበር። በግራዋ ሞከረች፤ መንጠቆው ግድግዳውን ጫረ እንጂ ኮከቡ አጠገብ አልደረሰም። እዚያው ሽቅብ እያየች ቆማ ሳለ ኢግናዝ ፊቱ በርበሬ መስሎ ቁልቁል መጣ። የእሱ ተራ የፊታችን ዓርብ ነው።

"ኦቲሊ! ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?"

"ማክሰኞ።"

"እኔ ደግሞ የፋሲካ ማግስት መስሎኝ! ተራዬን በቁሜ ልትበይኝ ነው? ሰዉ ካንቺ ቤት ጠጥቶ ከጠገበ ዓርብ ለማን ልቅዳ፣ ለዶሮዎቼ?"

"ረስቼው ነው።"

"ኮከብ ይረሳል? ኮርቢኒያን ይህን ቢያይ ከመቃብሩ ተነሥቶ ያወርደው ነበር።"

በዚህ ጊዜ ኦቲሊ ውስጧ ያለው ሁሉ ገንፍሎ ወጣ።

"እንግዲያው ይነሣና ያውርደው! አራት ዓመት ሲተኛ እኔ አልተኛሁም! እጄ አይነሣም፣ ኢግናዝ። እግሬ አይቆምም። አውርደውና ይዘኸው ሂድ፣ ማገዶ አድርገው። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ላይ ኮከብ አይወጣም። ሰለቸኝ! ይኸው፣ አልኩት።"

ኢግናዝ እንጨቱን ከእጇ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈና በሩ ጎን ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንተን እያየሁ ነዋ። እኔ ከወጣሁ እሳቱ ጠፋ። ደግሞ አንተ በየሳምንቱ 'የሸማኔው ቤት፣ የሸማኔው ቤት' ስትል ምን ብዬ ልንገርህ?"

ኢግናዝ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና ደረቅ ሳቅ ሳቀ።

"ስሚ። ወገቤ ከአልጋ የሚነሣው በሚስቴ ጉተታ ነው። 'ተው በቃህ' ብላ በየወሩ ታለቅሳለች። እኔ ግን 'ኦቲሊ ባሏን ቀብራ ብቻዋን ስታነድ፣ ሱሪ የታጠቅሁት ሰውዬ እንዴት አርፌ እተኛለሁ?' እላታለሁ። አንቺን እያየሁ ነው የቀጠልሁት። ያንን ወሬም የማወራው አንቺ እንዳትተዪው አልነበረም፤ እንዲያው ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።"

ኦቲሊ መጀመሪያ በንዴት ጦፈች። አራት ዓመት! ያ ሁሉ እንጨት፣ ያ ሁሉ ጭስ፣ አንዱ ለሌላው ሲል! ቀጥሎ ግን ሳቋ መጣ፤ ስትስቅ ትከሻዋን አመማትና እያቃሰተች ሳቀች። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤ ከሁለቱ የትኛው ጋን የትኛው ጠጠር እንደ ነበር ግን ለመለየት ያስቸግራል።

"ይሉኝታ ገደለን፣ ኢግናዝ።"

"ገና መች ገደለን። እያለፋን ነው።"

ከውስጥ ጠረጴዛ ተደበደበ። "ቢራ ነው ወይስ ጠበል የምንጠብቀው?" የሚለው የጌብሃርድ ድምፅ ነው።

ኢግናዝ ተነሥቶ ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ለዓርብ ካዘጋጀው ትንሿን በርሜል በእጅ ጋሪ እየገፋ ተመለሰ። ሽርጧን ፈትታ እንድትሰጠው እጁን ዘረጋ፤ "አንቺ ቁጭ በይ" አላት። እሷም እንግዶቹ መካከል ቁጭ አለች። በዚያ ሳሎን ስንት ዓመት ጠረጴዛ ስትወለውል ኖራ፣ ሰው ቀድቶላት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። እጇን የት እንደምታስቀምጠው ጠፋባት።

ኢግናዝ ቀዳ፤ ግማሹ አረፋ ሆነ።

"ይህ ቢራ ነው የሳሙና ውኃ?" አለ ጌብሃርድ።

"ለጢምህ ነው፣ ተላጭበት!"

ኦቲሊ ቀመሰችው። ገና ለጋ ነው፣ ጥቂት ቀን ይቀረዋል። እርሾው ግን ከእሷ ምድር ቤት የሄደ ነበርና ጣዕሙን አወቀችው። እንደ ጠማቂ ሳይሆን እንደ ጠጪ ጠጣችው፤ ጥሩ ነበር። ኮርቢኒያን ምን ይወድ እንደ ነበር ዛሬ ገና ገባት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጌብሃርድ እንዳያይባት ሽንኩርቱን ወደ ራሷ ሳበች።

ኢግናዝ ከአጠገቧ ተቀምጦ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እንግዲህ እንተወዋለን። ለማትስ ማን ይንገረው?"

ማትስ የሁላችንም ታላቅ ነው፤ ከተማው በሙሉ "አጎቴ" ነው የሚለው።

"አንተ ወንድ ነህ፣ ንገረው።"

"ቀድመሽ የተውሽው አንቺ ነሽ።"

"'እንተወዋለን' ያልከው ግን አንተ ነህ።"

እንዲህ እየተገፋፉ ሳለ በሩ ተከፈተና ማትስ ራሱ ገባ። በማክሰኞ ቀን የእሑድ ኮቱን ለብሷል፤ አንገቱ ስለ ከሳ ኮሌታው ሰፍቶታል። ዳገቱን ቁልቁል በከዘራ ወርዶ ትንፋሹ አጥሯል። ኦቲሊ ወንበር ሳበችለት።

"ከመስኮቴ ኮከቡን አየሁት" አለ ሲረጋጋ። "ዓይኔ መስሎኝ መነጽሬን ጠረግሁ። አለ! እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ማክሰኞም ትከፍቺ ጀመርሽ?"

"ረስቼው ነው፣ አጎቴ።"

"እሰይ፣ ደግ ረሳሽ። ዓርብ ሲሆን የምሄድበት አለኝ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ግን ክፉ ቀኖች ናቸው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከግድግዳው ጋር ነው የማወራው። እሱ ደግሞ መልስ አይሰጥም።" ሳቀ። "ተራ ሲደርስ ግን እንጨት አለ፣ ጋን አለ፣ እናንተ አላችሁ። ለባብሳችሁ ትመጣላችሁ፣ ትሰድቡኛላችሁ። ሰው መሆኔን አስታውሳለሁ።"

ኢግናዝ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አጎቴ ማትስ፣ እኛ ከኦቲሊ ጋር ስንነጋገር…"

ኦቲሊ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። የተጎዳው የሷው ያበጠ እግር ነበር፤ ከንፈሯን ነከሰች።

"ምን ስትነጋገሩ?" አለ ማትስ።

ኢግናዝ እሷን አየ። እሷ ሽማግሌውን አየች። በሁለት እጁ ብርጭቆውን ይዞ፣ ፊቱ ፈክቶ ወሬውን ይጠብቃል። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ብትለው ማንም አይፈርድባትም። ድካሙ አልቀለላትም፤ አጥንቷ ድረስ ደክሟት ነበር፣ ነገም እንደሚደክማት ታውቃለች።

"ስለ እንጨቱ ነው" አለች። "ለሚቀጥለው ጥንስስ ቀደም ብለን እናምጣ ነው የምንለው። ያለፈው እርጥብ ነበር፣ ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው።"

"እውነት ነው፣ እርጥብ ነበር! እኔ እኮ ያኔውኑ ተናግሬ ነበር። ጎተራዬ ውስጥ ደረቅ አለ፤ ነገ ኑና እዩት። ነገ ረቡዕ ነው፣ ቤት ነኝ።"

"እንመጣለን" አለች ኦቲሊ። ኢግናዝ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው። "ኮከቡን ግን ከዛሬ ጀምሮ የምትሰቅለውም የምታወርደውም አንተ ነህ።"

"ያንቺንም የኔንም?"

"የሦስታችንንም።"

ኢግናዝ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ተነሣና ለማትስ ሊቀዳ ሄደ። ኦቲሊ ባዶ ብርጭቆዋን ጨምራ አስያዘችው፤ ከተቀመጠችበት ግን አልተነሣችም።