ዘጠና ሁለት ዲግሪ

ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል። ይቺን ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር አሁንም ደሜ ይፈላል፤ በስንት ዲግሪ እንደሆነ አልለካሁም እንጂ። ነገሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። ባሕር ጠርዝ ላይ ድስት ለጣደ ሰው እውነት ነው። እዚህ ጎጃም ደጋ ላይ ለጣደ ግን አይደለም። አየሩ ስስ ነው፣ ውሃውን የሚጫነው ነገር ያንሳል፣ ስለዚህ ዘጠና ሁለት አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። በቃ ይኸው ነው። ይህችን የምታህል ነገር ለማስረዳት አምና ያየሁትን ጉድ እኔ ነኝ የማውቀው።

ፊዚክስ የማስተምረው ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ከተማ ነው። አምና አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ፤ የገበሬ ልጅ፣ ለመምጣት ሁለት ሰዓት፣ ለመመለስ ሁለት ሰዓት በእግሯ የምትኳትን። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤታችን አንድ ተማሪ ተመርጦ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሊላክ ነበር። እዚያ መኝታ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ የለም። በውጤት የምትመራው እሷ ነበረች። የቀራት የላብራቶሪ ሥራ ብቻ ነው።

የእኛን የላብራቶሪ ልማድ ልናገረው፤ ደብቄው የት ልደርስ። ተማሪው መጀመሪያ ውጤቱን ከመጽሐፍ ይገለብጣል፣ ከዚያ ውሃውን ቡታጋዝ ላይ ይጥዳል። አንዳንዱማ ውሃው ለብ ሳይል ሪፖርቱን አስረክቦ ውልቅ ይላል። ያን ቀንም ክፍሉ በሙሉ መቶ ብሎ ጻፈ። እሷ ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቱንም ጊዜ ዘጠና ሁለት ጻፈች።

ዜሮ ተሰጣት። የሰጧት ለምርጫው የሚቆጠረውን ሪፖርት ያረሙት የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ አንቱ የምላቸው ሰው። ከዜሮው አጠገብ «የፈጠራ ልኬት» ብለው ጽፈውበታል። የፈጠራ! ውሸታም ነሽ ማለታቸው እኮ ነው።

ልጅቷ ደብተሯን ይዛ መጣች። አላለቀሰችም፤ ገጹን ገልጣ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ቲቸር፣ እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አለችኝ። «እናቴ የዓባይ በረሃ ልጅ ናት። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ስትቀቅል ሁልጊዜ ታማርራለች። እኛ አገር ባቄላው ቶሎ ይበስል ነበር፣ እዚህ ደጋ ግን እንጨት ጨራሽ ነው ትላለች። ውሃው በደንብ ሳይግል ስለሚፈላ አይደል?»

በስመ አብ! የአገሩ እናቶች ሁሉ በባቄላ የሚያውቁትን ነገር እኛ ደመወዝተኞቹ በዜሮ እንቀጣበታለን። እየተንጨረጨርኩ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው» አሉኝ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ።

«በሌላም ለክቻለሁ። ያው ነው።»

«እንግዲያው ሁለቱም ተበላሽተዋል።»

«ኧረ እባክዎ! መጽሐፉ ራሱ እኮ በባሕር ጠለል ላይ ይላል። እኛ ከባሕር ጠለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ነን!»

«አንተ ልጅ፣ ውሃ መቼም ውሃ ነው። ለአንዲት ተማሪ ብለን ሳይንስ እንለውጥ?»

እኚሁ ሰው እኮ ናቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ምዕራፍ የሚያስተምሩት! የጥንቱ የእንቅስቃሴ ሕግ ለተወረወረ ድንጋይ፣ ለባጃጅ፣ ለጨረቃም ሳይቀር ይሠራል፤ ፍጥነት ወደ ብርሃን ፍጥነት ሲጠጋ ግን ሌላ ሕግ ያስፈልጋል፣ አቶም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ። የድሮው ሕግ ስለተሻረ አይደለም፣ የሚሠራበት ወሰን እዚያ ላይ ስላበቃ ነው። ይህን በጠመኔ ይጽፋሉ፣ ያስጽፋሉ፣ ይፈትኑበታል። በዓይናቸው አይተውት ለማያውቁት ኤሌክትሮን ወሰን አለው ይላሉ፤ አፍንጫቸው ሥር ለሚንፈቀፈቅ ድስት ሲሆን ግን ወሰን የሚባል ነገር የለም። ምን ይሉታል ይሄን? ይህንኑ ቃል በቃል ነገርኳቸው፤ ጮኼም ነበር መሰለኝ፣ ጸሐፊዋ በሩን ዘጋችው።

በመጨረሻ ሰለቸኋቸው። «በዚህ ሁሉ ዓመት ዘጠና ሁለት የጻፈ አንድ ሌላ ተማሪ አምጣልኝ፤ ውጤቷን አስተካክላለሁ» አሉ። የምርጫ ኮሚቴው የሚሰበሰበው በማግስቱ ነበር።

የቀድሞ የላብራቶሪ ደብተሮች በጆንያ ታጭቀው ዕቃ ቤት ተቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላዬን ሙሉ አቧራ እየቃምኩ አገላበጥኩ። መቶ። መቶ። መቶ። አንዱ ትጉህ መቶ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ብሎታል። ይህን ሁሉ ቅጥፈት «በጣም ጥሩ» እያለ ያረመው ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው እያልኩ ብቻዬን እሳደባለሁ።

ሦስተኛው ጆንያ ውስጥ አገኘሁት። ዘጠና ሁለት። ሁለት ጊዜ ተለክቷል፣ ሁለቱም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል። ከሥሩ «መቶ! ያየኸውን ሳይሆን የተማርከውን ጻፍ» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

ተቀመጥኩ። አስታወስኩት። ማስተማር የጀመርኩበት ዓመት ነው፤ ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጣ ዝምተኛ ተማሪ። ደብተሩን ይዞ መጥቶ «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ፊትህን ታጠብና ተመልሰህ እየው» አልኩት፣ በክፍሉ ፊት። ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ እጁን አውጥቶ አያውቅም፤ ዓመቱ ሳያልቅም ትምህርቱን ተወ። እኔ ያኔ ውሃ በተራራ ላይ በስንት እንደሚፈላ በቀመር አስልቼ ሰሌዳ ላይ እሠራ ነበር። ተራራው ግን የሌላ ሰው አገር ተራራ ይመስለኝ ነበር፤ እንዴት ያለ ጅል ነበርኩ!

አልዋሽም፣ ደብተሩን ወደ ጆንያው ልመልሰው እጄን ሰድጄ ነበር።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት አስቀመጥኩት። ኃላፊው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ።

«ይሄን ያረመው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ደብተሩን አጥፈው ወደ እኔ ገፉት። እኔን ለማሳፈር አልሞከሩም፤ ቢሞክሩ ይሻለኝ ነበር። የልጅቷን ዜሮ ሰርዘው ሙሉ ውጤት ጻፉላት፣ ፈረሙበትም። እሷም ተመረጠች።

ወሬውን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ደብተሩንም አሳየኋት። ቀዩን ጽሕፈት አነበበች፣ ደግማ አነበበች። በደስታ ትዘላለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ለእሱስ ነገሩት?» አለችኝ።

የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።