ስሜን የያዘው ሰፈር

ጎፋ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ጭጋጉ ከአስፋልቱ ገና አልተነሣም። ነጠላዬን አጣፍቼ እህል ሳልቀምስ ወጣሁ። ጎፋ የሩቅ ደቡብ ሕዝብ ስም ነው፤ ሰዎቹ እዚህ ሲሰፍሩ ስማቸውም አብሯቸው ሰፈረ። የምሄድበት ሰፈር ስም ደግሞ የእኔም ነው፦ ሐና።

ታላቅ ወንድሜ ቱሉ የልጅ ልጁን ክርስትና እንዳነሣለት ጠርቶኛል፤ በስሜ ሊጠራት ነው። እሺም እምቢም አላልኩትም። ድሮ የአባታችንን መሬት ወንዶቹ በሽማግሌ ፊት ሲካፈሉ፣ "ለእኔስ?" ብዬው ነበር።

"አንቺማ ሰፈሩ በሙሉ በስምሽ ነው፤ ምን ጎደለሽ?" አለኝ ቱሉ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ማን ማን እንደሳቀ ዛሬም አልረሳሁም።

ሀይሌ ጋርመንት፣ 12 ሰዓት

ታክሲ ቀየርኩ። የተቀቀለ እንቁላል፣ ትኩስ ዳቦ፣ እንቅልፍ ያልለቀቃቸው ፊቶች። "ሐና! ሐና!" ይላል ተራ አስከባሪው፤ ከሕልም የሚቀሰቅሰኝ ይመስላል። የእመቤታችን እናት ስም ነው። አባቴ ይል እንደነበረው ከኢየሩሳሌም በመጽሐፍ መጥቶ ታቦት ላይ አረፈ፤ ከታቦቱ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ እኔ። አሁን ሰው ተጋፍቶ ይሳፈርበታል።

ሐና ማርያም፣ 1 ሰዓት

የአባቴ ጤፍ ማሳ ላይ የብሎኬት ቤቶች ቆመዋል። በጭጋጉ ውስጥ ግን ጤፉ ሲወዛወዝ ይታየኛል።

"ክርስትና እናቷ ማን ናት?" አሉ ቄሱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተሰብስበን።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እጆቼን ከነጠላዬ ሥር አላወጣሁም።

"ምነው ሐና?" አለ ቱሉ።

"ጋሼ፣ ይቺንም ሰፈሩ ይበቃሻል ልትላት ነው?"

ድሮ ከሳቁት አንዱ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አሁን ይሄ እዚህ የሚነሣ ነገር ነው?" አለ ቱሉ።

"የት ይነሣ ታዲያ? እዚህ ታቦቷ ትሰማለች።"

"ጋሽ ቱሉ፣ ውሃው እየጠበቀ ነው" አሉ ቄሱ፣ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ጎንበስ ብለው።

ቱሉ ከዘራውን መሬት ላይ አሻሸ። "ከወንድሞቿ እኩል ትካፈላለች። ታቦቷ ምስክሬ።"

እጆቼን ዘረጋሁ። ሕፃኗን ከውሃው ስትወጣ ተቀበልኳት፤ እየጮኸች ነጠላዬን ጨብጣ አለቅም አለች።

የመልስ ጉዞ፣ 6 ሰዓት

ስለ እኔ ድርሻ ቱሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔም ይቅር አላልኩትም። የክርስትናውን ዳቦ ግን ሁለት ጊዜ አስቆርሼ በላሁ።

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ ነጠላዬ መራሱን አይታ፣ "እማማ፣ ከየት ነው የሚመጡት?" አለችኝ።

"ከመሬቴ" አልኳት።