ጥቁሩን ከቡናማው መለየት ሲያቅተኝ

ሸማኔው ታደሰ እግሩን የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ሰድዶ ተቀምጧል። የበግ ጠጉር ካባ፣ በርኖስ፣ ያዘዙት መምሬ ኃይሉ በሩ ጋ ቆመዋል። ልጄ አስካለ ከኋላዬ ናት። እኔ የፈተልኩትን የጥቁር በግ ጠጉር ልቃቂት አስረክቤ መካከል ላይ ቆሜያለሁ። ሕመሜ መጀመሪያ የታወቀው እዚያው በአገራችን በቀየት፣ በታደሰ ቤት ነው።

ታደሰ ልቃቂቱን ወደ ብርሃን ጠጋ አደረገና፣ "እትዬ፣ ለመምሬ የምንሠራላቸው በርኖስ ነው ወይስ የጅብ ቆዳ?" አለኝ።

"ዝም በል አንተ!" አሉት መምሬ።

ቡናማ ጠጉር ከጥቁሩ ጋር ፈትያለሁ። አላየሁትም። ሲያሳየኝም አልታየኝም።

የእኛ በርኖስ ቀለም አይነከርም፤ ጥቁረቱ የበጉ ነው። የሚለየው የፈታይዋ ዓይን ነው። እኔ በዚህ ዓይን ልጆች አሳድጌበታለሁ። ከእንግዲህ አትፍተይ ያለኝ የለም። አስካለ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰደችኝ።

የዓይን ሐኪሙ ሞራ የለም አሉኝ። ቀኝ እጄ ጭኔ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይተው ወደ ነርቭ ሐኪም ላኩኝ። ፓርኪንሰን ነው ተባልኩ። አይድንም። እንዝርቴን አሰብኩ።

የነርቭ ሐኪሟ ወጣት ናት። "እማማ፣ በዚህ በሽታ የሚያንሰው ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከዓይንዎ ጀርባ፣ ሬቲና ላይም አለ" አለችኝ። "እዚያ ያሉት የነርቭ ሴሎች መልእክት ይቀባበላሉ። ዶፓሚን እንደ ብርሃኑ መጠን አንዱን መልእክት ያጠነክራል፣ ሌላውን ያላላል። ሲያንስ ደመቅ ያለውን ከደብዘዝ ያለው መለየት ያቅትዎታል።"

ገባኝ። ድሩን የሚወጥርና የሚያላላ ከሌለ ጥለት አይወጣም።

ሌቮዶፓ የሚባለውን፣ ዶፓሚኑን የሚተካ መድኃኒት ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ አቅለሸለሸኝ፤ ውሎ አድሮ ግን እጄ ተፍታታ፣ አንድ ቀን ጠዋትም ደጃፌ ላይ ጠጉር ሳባዝት ቡናማው ከጥቁሩ መካከል ተለይቶ ታየኝ፤ ለማንም ሳልናገር አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁት። በሽታው ዛሬም አብሮኝ አለ፤ መድኃኒቱም የሁሉንም ሰው ዓይን እንዲህ እንደማይመልስ ሐኪሟ ነግራኛለች።

እንደኔ ለታመማችሁ የምለው፣ የእጃችሁን ብቻ ሳይሆን የዓይናችሁንም ለሐኪም ንገሩ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰዱ፤ ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ሐኪሞቼን፣ ክኒኑን ሳትሰለች የምታስታውሰኝን አስካለን፣ ስህተቴንም ፊት ለፊት የነገረኝን ታደሰን አመሰግናለሁ።

የመምሬን ፈትል እንደገና ፈትዬ ለታደሰ ወሰድኩለት። ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ላይ እየተረተረ እንከን ፈልጎ አጣ። መምሬም አጎንብሰው አዩ።

"አፌን አስያዙኝ፣ እትዬ" አለ ታደሰ።

"ሌላ ጠጉር አለህ?" አልኩት።

አንድ ከረጢት ጥቁር ጠጉር አቀበለኝ። ተሸክሜ ወጣሁ።