በጣት የተዘጋ አየር

የመማሪያ መጻሕፍት በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ አንዲት አራሚ ነበረች። ባልደረቦቿ «ሰረዝ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ነጠላ ሰረዝ ስለምትወድ ብቻ አይደለም፤ ብዕሯ ያረፈበት ገጽ ግማሹ ተሰርዞ ስለሚመለስ ነው። «እጅግ በጣም» የሚል ካየች ሁለቱንም ታወጣቸዋለች። ሰው ወሬ ሲያስረዝምባት እንኳ በዓይኗ የሚሰረዝ ቃል ትፈልጋለች ብለው ያሟታል።

የምትሠራው ከቤቷ ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ በቁም ሣጥኑና በመስኮቱ መካከል ጠረጴዛ አስገብታለች፤ ወንበሩን ለመሳብ መጀመሪያ የሣጥኑን በር መዝጋት ግድ ይላል። ሳሎኑ ደግሞ የአማቷ ግዛት ነው። አማቷ ልጃቸው የገዛላቸውን ገመድ አልባ ድምፅ ማጉያ አጠገባቸው አስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ከስልካቸው ዜና ይሰሙበታል። ከምራታቸው ጋር ተጣልተው አያውቁም፤ ተጨዋውተውም አያውቁም። ሰላምታቸው እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጭርና ደረቅ ነበር።

ሰረዝን ያስመረራት ስብሰባ ነው። ዋና አዘጋጁ፣ ሰው የእሱን ፊት ካላየ ሥራ ይተኛል ብሎ የሚያምን ሰው፣ በየጠዋቱ አራሚዎቹን በኮምፒውተር ይሰበስባል። ትናንት ያለውን ዛሬ ይደግመዋል፤ ነገ የሚለውን ደግሞ ዛሬ ያስተዋውቃል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

የራሷ ላፕቶፕ ሲሞትባት የባሏ እህት አንድ አሮጌ ሰጠቻት፤ እንደ ጡብ የሚከብድ ነገር። በፊት ለፊቱ ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ተንሸራታች ማብሪያ ማጥፊያ አለችው፤ አጠገቧ አንቴና ተስሏል። አንድ ቀን ስብሰባው ቢሰለቻት አቧራ ልጥረግ ስትል ጨርቁ ማብሪያዋን ገፋት። ሰማያዊዋ መብራት ብርቱካንማ ሆነች፤ ዋና አዘጋጁም አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ሰረዝ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ ግን ሰውየውን ዝም ብሎ አይታው እንደማታውቅ ልብ አለች፤ እንዲያ ሲሆን መልኩም ደህና ነው።

ስክሪኑ ላይ «ገመድ አልባው በማብሪያው ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ክፈት የሚለውን ብትነካው፣ ብትነካካው፣ ወይ ፍንክች። የድርጅቱን የኮምፒውተር ባለሙያ ደውላ ጠየቀችው። እሱም ማንም ስለዚህ ጠይቆት ስለማያውቅ ደስ ብሎት አስረዳት።

«መዝጋት ሁለት ዓይነት ነው» አላት። «አንዱን ኮምፒውተሩን የሚመራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ራሱ ይዘጋዋል፤ ስታዢው ደግሞ ይከፍተዋል። ሌላውን ሰው በጣቱ ይዘጋዋል። በጣት የተዘጋውን ሲስተሙ አይቶ ይነግርሻል እንጂ አይከፍተውም። ከውስጥ የተቀረቀረ በር በይው። እኔም ከዚህ ሆኜ ልክፈትልሽ ብል አልችልም፤ በየት በኩል ልግባ?»

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ልቧ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሰረዝ በየጠዋቱ «እንደምን አደራችሁ» ትላለች፤ ጣቷ ደግሞ የቀረውን ይሠራል። ኔትወርክ ተቋረጠብኝ ስትለው ዋና አዘጋጁ ማስረጃ ቢጠይቃት የስክሪኑን ፎቶ ላከችለት፤ «በማብሪያው» የምትለዋን ቃል ቆርጣ። አራሚ ናት፣ ምን ታድርግ።

ባለሙያውን ያልጠየቀችው አንድ ነገር ነበር፤ ማብሪያዋ ስትመለስ ምን ይሆናል የሚለውን። ባሏ አንድ ጊዜ ፊልም ሊያይበት ላፕቶፑን በብሉቱዝ ከእናቱ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶት ነበር። ሰረዝ ብሉቱዙን ከስክሪኑ ላይ ዘግታ ረስታዋለች። አንድ ጠዋት ግን የታረመ ምዕራፍ መላክ ነበረባትና ማብሪያዋን ከፈተች። የዚያ ላፕቶፕ ሲስተም በስክሪኑ የተዘጋው የቱ እንደነበር አላስታወሰም፤ በሩ ከተከፈተ ሁሉም ይከፈት ብሎ ብሉቱዙንም አብሮ ቀሰቀሰው። የአማቷ ስልክ ባትሪው አልቆ ነበርና ድምፅ ማጉያው ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ላፕቶፑም የድሮ ወዳጁን አገኘ፤ ማጉያው ማይክራፎንም ነበረውና ድምፅ ማውጣቱንም መቀበሉንም ለእሱ አስረከበ።

ስብሰባው ሲጀመር የዋና አዘጋጁ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ሰረዝ ዛሬስ እግዜር ራሱ ዘጋው ብላ ራሷን እየነቀነቀች ተቀመጠች። ሳሎን ውስጥ ግን አንድ ወንድ ምራታቸውን በስሟ እየጠራ ሁልጊዜ ኔትወርክ፣ ሁልጊዜ ሰበብ እያለ ሲያብጠለጥላት አማቷ ሰሙ። ወደ ድምፅ ማጉያው ጎንበስ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ማንን ነው እንዲህ የምትናገረው?»

ዋና አዘጋጁ ማን እንደሆኑ ጠየቀ።

«አማቷ ነኝ። ይህች ልጅ ከዚያ ወንበር ተነስታ አታውቅም። ምሳ ቅረቢ ስላት አንዲት ገጽ ቀረችኝ ነው የምትለኝ። አንተ ባትለፈልፍባት ቀድማ ትጨርስ ነበር። ኔትወርኩ ደግሞ ምንም አልሆነ፤ እሷ ናት በጣቷ የምትዘጋህ። ሻይ ላስገባላት ስል አይቻታለሁ። እኔም ብሆን እዘጋህ ነበር።»

ሰረዝ በስክሪኑ የምታየው የዋና አዘጋጁ ፊት ሲለዋወጥ፣ ባልደረቦቿ አፋቸውን ሲይዙ ነው። አንዷ ጭራሽ ከጠረጴዛ ሥር ገብታ የቤቷ ኮርኒስ ብቻ ይታያል። በዚህ መሀል የአማቷ ድምፅ በግድግዳው በኩል ደረሳት። ስትሮጥ ጉልበቷን ከሣጥኑ በር አላግታ፣ እያነከሰች ሳሎን ገባች።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አለቃሽን እየመከርኩ ነው።»

ከድምፅ ማጉያው ውስጥ «እሺ እናቴ» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ስብሰባውም በዚያው ተበተነ።

ሰረዝ ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። ካወቁ ለምን እስካሁን ዝም እንዳሏት ጠየቀቻቸው። ሴትዮዋ ልጆች ሲያሳድጉ መታጠቢያ ቤት ገብተው ቧንቧ ከፍተው ይቀመጡ እንደነበር ነገሯት። ቤተሰቡ ልብስ የሚያጥቡ ይመስለው ነበር።

«አንድም ልብስ አልታጠበም» አሉ።

ሰረዝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ከእሳቸው ጋር ስትስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ ዋና አዘጋጁ አስጠራት። ቃል ሳትቀንስ እውነቱን ነገረችው። እሱም መጽሐፉ እስኪያልቅ ቢሮ እየመጣች እንድትሠራ ፈረደባት፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች ደግሞ በገመድ የታሰሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የየጠዋቱ ስብሰባ በሳምንት አንድ ቀን ሆነ። ምክንያቱን አልተናገረም፣ የጠየቀውም የለም። ባለሙያው ላፕቶፗን ተቀብሎ፣ ማብሪያዋ ስትከፈት ሁሉም ወደነበረበት እንዲመለስ አስተካከለላት፤ ሥራው ከሳቁ ያነሰ ጊዜ ፈጀበት።

አሁን ሰረዝ ከቢሮ ስትገባ አማቷ «ያ ልጅ ዛሬ ምን አለ?» ይሏታል። እሷም ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የሰውየውን አነጋገር እየቀዳች ትነግራቸዋለች።