ቦዩ ውስጥ የደፋነው አፈር

ባለፈው ሳምንት ጓሮዬን ሳስቆፍር የዋልካው ሽታ ድንገት መጣብኝና እንደቆምሁ ቀረሁ። ዋልካ ሽታ የለውም የሚል ሰው ካለ ጥቁር አፈር አያውቅም ማለት ነው፤ ውኃ ሲነካው የአሮጌ ጉድጓድና የዓሣ ሽታ አለው፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ እለየዋለሁ። ጡረታ ወጥቼ ሥራ ስፈታ ቆስጣና ቃሪያ ልትከል ብዬ ተነሣሁና፣ ሰርዶ የወረሰውን አፈር ከነሥሩ አስወጥቼ በቦታው ደለል ላስሞላ ነበር ሐሳቤ። ጋሪ ነጂው፣ ሳቂታ ጎልማሳ ሰውዬ፣ ክምሩን በእግሩ ነካ አደረገና «እማማ፣ ይኼን የት ልድፋልዎት?» አለኝ። እማማ ያለኝን ይቅር ልበለው፤ ጥያቄውን ግን አውቀዋለሁ። አባቴም እዚሁ ባሕር ዳር፣ እንዲህ ያለ ክምር ፊት ቆሞ፣ ይህንኑ ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ። «እንደ መሰለህ አድርገው» አልሁትና በረንዳው ላይ ቁጭ አልሁ።

ከደሴ የመጣነው ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ እዚህ ፋብሪካ ሲቀጠር ነው፤ ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ። ሠፈራችን ከሐይቁ ዳር ብዙም ያልራቀ፣ ገና የተመሠረተ ነበር፤ ሁሉም ሰው ከሌላ አገር የመጣ፣ የሁሉም ቆርቆሮ አዲስ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ገና በስሙ የማይጠራበት። ከጓሯችን ጀርባ ከላይኛው ከተማ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርድ ሰፊ ቦይ ነበር፤ በዚያ ወራት ደረቅ ነው፤ ያረጀ ጫማ፣ የተሰበረ ገንቦ፣ አንዳንዴም የሞተ ውሻ የሚጣልበት፣ ትንኝ የሚርመሰመስበት፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ አንዲት ተወዛዋዥ ሳንቃ ላይ እየተንገዳገድን የምንሻገረው ቦታ። ከቦዩ ማዶ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱባቸው ደልጊ የነበረውን ሱቃቸውን ሸጠው፣ አንዲት ልጃቸውን ሰሚራን ይዘው መጥተው፣ ያላቸውን ጥሪት ሁሉ አንዲት የጭቃ ቤት ላይ አፍስሰዋል። ከዚያች ቤት ሌላ በዚህ ምድር ላይ የእኔ የሚሉት ነገር አልነበራቸውም። ሰሚራ ጓደኛዬ ነበረች፤ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ የምትሸፍን፣ ገበጣ ስትጫወት ግን ዓይን አውጥታ የምታጭበረብር።

አባቴ የአትክልት ፍቅር ነበረበት፤ ፍቅር እንኳ አይባልም፣ ልክፍት ነው። ከሥራ ሲመለስ ቱታውን ሳያወልቅ አካፋ ያነሣል። አፈሩ ግን አልሆነለትም፤ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ሲርስ ጫማ ይዞ ያስቀራል፣ ሰርዶው ደግሞ ዛሬ ቢነቀል ነገ በሌላ በኩል ብቅ ነው። «ይኼ አፈር አይደለም፣ ሙጫ ነው!» እያለ ይራገም ነበር። በመጨረሻ ጥርሱን ነክሶ መደቡን እስከ ጉልበቱ ድረስ ቆፈረና ዋልካውን ሁሉ አወጣው፤ በቦታው ከወንዝ ዳር በአህያ የመጣ ደለል ሞላበት። እናም ክምሩ ፊት ቆሞ ላቡን እየጠረገ «አሁን ይኼን የት ነው የምደፋው?» አለ። መንገድ ላይ እንዳይደፋው ሰው ይቆጣል፤ ሐይቁ ዳር እንዳይወስደው ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን የሚያወጡበት ነው። ዓይኑ ቦዩ ላይ አረፈ።

ማንም አልተቃወመውም፤ እንዲያውም ሠፈሩ ሁሉ ደስ አለው። እትዬ ዘይነባ ከማዶ ሆነው እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ይስጥልን ጋሽ አስፋው! ይኼ ትንኝ ልጄን ጨርሷት ነበር እኮ» ብለው መረቁት። ሌሎቹም የየጓሯቸውን ትርፍ አፈር እያመጡ ጨመሩበት፤ እኛ ልጆች እየጨፈርን ረገጥነው፤ ሳንቃዋም ተነሣች። ከዋልካው ጥቂቱን እትዬ ዘይነባ ለቤታቸው ምርጊት ፈለጉት፤ ጎረቤቱ በደቦ ወጥቶ ከጭድ ጋር አቡክቶ ግድግዳውን መረገላቸው፤ እናቴ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ስትስቅ አሁንም ትታየኛለች። ከእኛ መካከል የዚያን ሠፈር ክረምት ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

ፀሐዩ አናት በሚበሳበት በመጋቢት፣ የሠፈሩ ሣር ሁሉ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ፣ ቦዩ ላይ የደፋነው አፈር አረንጓዴ ሆነ። ማንም ውኃ አላጠጣውም። ሰርዶው ተጠላልፎ፣ ለምልሞ፣ ሲረገጥ እግር ሥር ቀዝቀዝ ይላል። አባቴ «አያችሁ፣ መስክ ሠራሁላችሁ» ብሎ ተኩራራ፤ እናቴ ግን በባዶ እግሯ ቆማበት «ይኼ ከየት እየጠጣ ነው?» አለች። ከዚያ በኋላ ከእትዬ ዘይነባ ግድግዳ ግርጌ ሰርዶ ይበቅል ጀመር። እኛ ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን፤ ሰሚራ «ቤታችን ጢም አወጣ!» እያለች ትነቅለዋለች፣ በማግሥቱ ይመለሳል። ከጢሙ በላይ ግድግዳው ላይ የጠቆረ የእርጥበት መስመር ነበር። ባየሁት ቁጥር ከፍ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ውኃው መጣ። ከላይኛው ከተማ ቀይ ሆኖ እየተንደረደረ ወርዶ መንገዱ የተዘጋበት ቦታ ሲደርስ ቆመ፤ ቆሞ አበጠ፤ ከዚያ ፀጥ ብሎ ወደ እትዬ ዘይነባ ግቢ ታጠፈ። ወንዶቹ በዝናብ ቦዩን ሊከፍቱ ተረባረቡ፤ ሰርዶው ግን አፈሩን እንደ ገመድ አስሮ ይዞት ነበር፣ አካፋው ይነጥራል። ሰሚራ እኛ ቤት ነበረች፤ ገበጣ ላይ ነን። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ከባድ ጆንያ መሬት ላይ ሲወርድ ያህል ነው። ሮጠን ስንወጣ ግድግዳው የለም፤ ቆርቆሮው ጭቃው ላይ ተኝቷል፤ እትዬ ዘይነባ ውኃ ሲቀዱበት የነበረውን ባልዲ እንደያዙ ግቢው መካከል ቆመዋል። አላለቀሱም። ሰሚራ ነች የጮኸችው።

እናትና ልጅ ወረታ ከተማ፣ የእትዬ ዘይነባ ወንድም ዘንድ ሄዱ። ዕቃቸውን መኪናው ላይ የጫነላቸው አባቴ ነው፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እሳቸው ሊሳፈሩ ሲሉ «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፤ ለደግ ብለው ነው» አሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር! አባቴ ደለሉ ላይ የተከለው ቲማቲም በዚያ ዓመት እንደ ጉድ አፈራ፤ ቀይ፣ ትልልቅ፣ ቅርንጫፉን የሚሰብር። እኛ ቤት ማንም አልቀመሰውም፤ መደቡ ላይ በሰበሰ። አባቴ ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ አንዲት ዘር አልዘራም። ሰሚራን ዳግመኛ አላየኋትም፤ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታ ባለፍሁ ቁጥር በአውቶቡሱ መስኮት ሻሽ የጠመጠመችን ሴት ሁሉ እያየሁ አንገቴ ይጣመማል። እንዲህ ያለ ጓደኛ ሁለተኛ አላገኘሁም፤ ናፍቃኛለች።

ጋሪው እየተንኳኳ ሲመለስ ባነንሁ። ባዶ ነበር። «እሰይ፣ ቦታ አገኘሁለት እማማ፤ እዚች ታች፣ ሰው ሁሉ የሚደፋበት ነው» አለኝ፤ ፊቱ ፈክቶ። ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ተከተልሁት። ከአዲሶቹ ቤቶች ጀርባ አንድ ደረቅ ቦይ አለ፤ አፉ ድረስ ሞልቷል፤ ከእኔ ዋልካ ሥር የሌላ ሰው፣ ከዚያም ሥር የሌላ፤ በሚያዝያ ፀሐይ ሰርዶው ለምልሟል። «መልሰህ ጫነው!» አልሁት። ሳቀ። «የእርስዎን ባነሣው ምን ይጠቅማል? ከሥር ያለው የሰው ነው።»

ከቦዩ ማዶ ካለችው ዝቅ ያለች የጭቃ ቤት አንዲት ወጣት ሴት ልጇን አዝላ ወጣች፤ እኔን ስታይ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። «እግዜር ይስጥልን እማማ፤ ትንኙ አስቸግሮን ነበር» አለች። ዓይኔ ወደ ግድግዳዋ ግርጌ ሄደ። አረንጓዴ ጢም ነበረው።

አካፋውን ከጋሪው ላይ አወረድሁና መቆፈር ጀመርሁ፤ ጋሪ ነጂው አፉን ከፍቶ ያየኛል። በጣና በኩል ደመናው መጥቆር ጀምሯል። ሴትዮዋ ልጇን እያባበለች ቀረብ አለችኝና «እማማ፣ እኛ ከመጣን ገና ወራችን ነው፤ ለመሆኑ እዚህ አገር ክረምቱ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።