አያ የነገሩን የተኩላ ወሬ

በደርግ ጊዜ ከአራዳ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ሲወስዱኝ የልክ ሜትሬን ከአንገቴ ላይ እንኳ አላወረድኩም ነበር። ገፍትረው እስር ቤት ክፍል ውስጥ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ነው። ግድግዳው ሥር አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ውስጥ እግራቸው በግርፋት ተልጧል። የአዲ አርቃይ ገበሬ ናቸው፤ በጉብዝናቸው አዳኝ ነበሩ። ሁላችንም አያ እንላቸው ነበር።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ሽንት ቤት የምንሄደው በሩጫ ነው። ከኋላ የቀረ በዱላ ይነረታል። አያ መቆም ስላልቻሉ እህል መብላት ተዉ። ከቀን ወደ ቀን ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«አያ፣ ምነው አይበሉም?» አልኳቸው።

«ብበላ መውጣት ሊያሻኝ ነው፤ እኔን ስትደግፉ ወደ ኋላ ቀርታችሁ ትመታላችሁ። ተወኝ ልጄ። ተኩላም አደን ላይ የቆሰለ ጓደኛውን ጥሎ ይሄዳል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ደሜ ፈላ። «እኛ ተኩላ ነን እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ሰው ከተኩላ ይሻላል ያለህ ማነው?» አሉኝ ፈገግ ብለው።

በማግስቱ በሩ ሲከፈት አብሮን የታሰረ አንድ አስተማሪ በግራ፣ እኔ በቀኝ ብብታቸው ሥር ገብተን አነሳናቸው። ተቆጡን፤ አልሰማናቸውም።

«ሩጡ!» አለ አብዮት ጠባቂው።

ማንም አልሮጠም። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ ከፊት ያሉት ቀስ አሉ፣ የኋለኞቹ ወደ እኛ ተጠጉ፣ ግቢውን በአያ እርምጃ ልክ አቋረጥነው። ዱላው ወረደብን። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ጀርባዬ እሳት ሆነ፤ ግን አልሮጥንም።

ተመልሰን ከየቤታችን የመጣልንን እንጀራ አንድ ላይ ስንዘረጋ አያ እጃቸውን ሰደዱ። ጎርሰው ሲጨርሱ አንገታቸውን ደፉ።

«ዋሽቻችኋለሁ» አሉ። «ተኩላ የቆሰለውን አይጥልም። አድኖ በልቶ ይመለስና ከሆዱ እያወጣ ያበላዋል። በዓይኔ ያየሁት ይኸን ነው። እንድትተዉኝ ብዬ ነው።»

«እኛ እንኳ ከሆዳችን አናወጣልዎትም፤ ከሳህኑ ይብሉ» አለ አስተማሪው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አያም እስኪያስላቸው ሳቁ።

እግራቸው ሻር እንዳለ ስማቸው ተጠራ። የማንንም እጅ ሳይዙ እያነከሱ ወጡ። አልተመለሱም።

ዛሬ መንገድ ላይ ከፊቴ የሚያነክስ ሰው ካለ አልቀድመውም። ሚስቴ ታክሲው አመለጠን ብላ ትቆጣለች። ትቆጣ።