በአንድ ዓይን የተሣልሁበት ኤግዚቢሽን

ማንበብ የተማርሁት ከሥዕል ነው። በልጅነቴ ከጣና ደሴቶች ወደ አንዱ በታንኳ እንጨት አመላልስ ነበር። እንጨቱን ካወረድሁ በኋላ ነፋሱ እስኪበርድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ገብቼ ግድግዳውን አያለሁ። በየሥዕሉ አናት ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፏል። እመቤታችንን ከነልጇ ማንም ያውቃታል፤ ስለዚህ ከራሷ በላይ ያሉት አራት ፊደሎች ማ፣ ር፣ ያ፣ ም መሆን አለባቸው ብዬ ጀመርሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቅዱስ አለፍሁ። የኔታም ደብተርም አልነበረኝም።

እዚያ የነበሩ አንድ መነኩሴ የሥዕሉን ሕግም ነገሩኝ። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል። ከሓዲው፣ ገራፊው ወታደር፣ ሰይጣኑም በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን እንደ ጸሎት ያዝሁት። ሰውን በሥዕል አይቶ መለየት ከዚያ ወዲህ አልቸገረኝም፤ ወይም አልቸገረኝም ብዬ አምን ነበር።

ባሕር ዳር ገብቼ በወደቡ የመጋዘን ጠባቂ ከሆንሁ በኋላም መጽሐፍ ከእጄ አልተለየም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የታወጀ ጊዜ ቀበሌያችን ከሽማግሌዎች ጋር አስቀምጦ ሀ ሁ አስቆጥሮኛል። ማንበብ እችላለሁ ብል ማን ሰምቶኝ። የሰጡኝን የምስክር ወረቀት መጽሐፌ ውስጥ ገጽ ማመልከቻ አደረግሁት።

አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ። በከሰልም በጠመኔም፣ ባገኘችው ሁሉ ትሥል ነበር። እኔ ደግሞ ልጅን በፊቱ ማመስገን ማበላሸት ነው የምል ሰው ነኝ፤ አባቴም እንዲያ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። ደብተሯን ስታሳየኝ አገላብጬ አይቼ፣ ሒሳቡስ ብዬ እመልስላት ነበር። ይህን የሚያነብ ወላጅ ካለ ልንገረው፤ ምስጋና ልጅን አያበላሽም። ምክር ለመስጠት የበቃሁ ሆኜ አይደለም። ዋጋውን ስለማውቅ ነው፤ የከፈለችው ግን እሷ ናት።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዣት ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ከመጋዘኑ ወዲያ፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ከሚያልቅበት ላይ፣ አንድ ሾላ ነበር። እኔ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ሳነብብ ወይም ውኃውን ሳይ፣ እሷ በቀኜ ትቀመጥና ዝም ትላለች። ጭምት ልጅ በማሳደጌ ደስ ይለኝ ነበር።

የባህል ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሐይቁ ጢም ብሎ በሞላበት በጥቅምት፣ በአዳራሹ የሥዕል ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል። በሌላው ዓመት ሥዕሉ ሁሉ ጡጫ፣ መዶሻና ትራክተር ነው። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ግን ርእሱ ጥንታዊው የጣና ዳርቻ ሆነ። ከአዲስ አበባ እንግዳ መጥቶ ሥዕሎቹን አይቶ፣ ከወጣቶቹ አንዱን ለሥዕል ትምህርት ቤት ይመርጣል ተባለ። አስተማሪዋ ቤታችን ድረስ መጣ። ጋሼ፣ ይህች ልጅ ተወዳዳሪ የላትም፣ እባክዎ አይከልክሏት ብሎ ለመነኝ። እናቷ አዲስ አበባ የሚለውን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ብዙ አሰብሁና፣ በእውነት ከተመረጠች ትሂድ አልሁ። ልጄ በሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሥዕሉን ትምህርት ቤት ውስጥ በኮምፔርሳቶ ጣውላ ላይ ሠራችው። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የመክፈቻው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጎረቤቴ ከሆኑት ከመሪጌታ ጋር ሄድሁ። መሪጌታ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ምላሳቸው ማንንም አይምርም። አዳራሹ ውስጥ ደንገል አጫጆች፣ ለመድረቅ የቆሙ ታንኳዎች፣ ማለዳ ጉም ውስጥ ያሉ ደሴቶች ተሰቅለዋል። ከመድረኩ በላይ ደግሞ በየአዳራሹ የማይጠፉት ሦስቱ ጺማም የሶሻሊዝም መሪዎች በትልቅ ጨርቅ ላይ፣ ሦስቱም በጎን ተሥለው ተደርድረዋል። መሪጌታ ወደ ጆሮዬ ተጠጉ።

"አየሃቸው? ሦስቱም ባለ አንድ ዓይን። የሣላቸው ሕጉን የሚያውቅ የእኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም።"

ሳቄን በጋቢዬ አፈንሁት፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሳቅ ያሳስር ነበር። ሳቄን እንዳፈንሁ ዞር ስል ልጄ የሣለችው ሥዕል ከፊት ለፊቴ ተሰቅሏል።

ሾላው አለ። ውኃው አለ፤ እንደዚያ ያለ ውኃ በሥዕል አይቼ አላውቅም፣ ነፋስ የነካው ይመስላል። ከሾላው ሥር የተቀመጠው ሰው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ግንባሬ፣ አፍንጫዬ፣ ጋቢዬ፣ ሁሉም እኔ። በጎን፣ በአንድ ዓይን።

መሪጌታ አንዴ ሥዕሉን አንዴ እኔን አዩና፣ "እንግዲህ አንተም አራተኛ ሆነሃላ" አሉኝ።

ቀልድ ነበር፤ ተናግረው ረሱት። እኔ ግን ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ባደባባይ፣ በገዛ ልጄ እጅ፣ ከገራፊዎቹ ጎን ተቆጠርሁ ብዬ አሰብሁ። ጭካኔዬን አስባ ነው፤ አለንጋዬን ቆጥራ ነው አልሁ። ሥዕሉን ከምስማሩ አውርጄ በጋቢዬ ሸፍኜ ወጣሁ። የአዳራሹ ዘበኛ አየኝ፤ አባቷ መሆኔን ስለሚያውቅ አላስቆመኝም። ፊደል የቆጠርሁት ሥዕል ላይ ከተጻፈ ስም ነው፤ የዚያን ቀን ግን ከሥዕሉ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት እንኳ አላነበብሁም። "የምወደው ዳርቻ" ይል እንደነበር በኋላ አስተማሪዋ ነገረኝ።

ቀጥሎ የሆነውንም የሰማሁት ከእሱ ነው። እንግዳው ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። ምስማሩ ባዶ ነው። አስተማሪው ላብ በላብ ሆኖ ወዲያ ወዲህ ሲል ዘበኛው ለልጄ በጆሮዋ ነገራት። እንግዳው ሥዕሉ የት አለ ብሎ ሲጠይቅ፣ እሷ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥታ፣ "እኔ ነኝ ያወረድሁት። ገና አላለቀም" አለች። ያላለቀ ሥራ አይወዳደርም ብሎ አለፈ። ከግሽ አባይ በኩል የመጣ ልጅ ተመረጠ።

ውሸት እንዳትናገር በአለንጋ ጭምር ያስተማርኋት እኔ ነኝ። የማውቀው ብቸኛ ውሸቷ ይህ ነው፤ የተናገረችውም የእኔን ነውር ለመሸፈን ነው።

ማታ እንደ ገባች አቆምኋት። የከሓዲ ፊት ሰጠሽኝ፣ እንጀራዬን በልተሽ በአገር ፊት አዋረድሽኝ አልኋት። አፏን ስትከፍት መልስ አትስጭኝ አልሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ እንዳልገባት ከፊቷ መረዳት ይገባኝ ነበር። እናቷ መካከላችን ገብታ፣ ይብቃህ፣ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም አለችኝ። ሥዕሉን እግሯ ሥር ጥዬላት ወጣሁ። በማግስቱ ልጄ ያንን ኮምፔርሳቶ አንሥታ፣ ቀለሙን ወደ ታች ገልብጣ፣ የውኃ በርሜላችንን ከደነችበት። ሁለት ዓመት ከዚያ በርሜል ጠጣን፤ ቀለሙ በእርጥበቱ እየተላጠ አለቀ።

ከዚያ በኋላ አልሣለችም። አላኮረፈችም፤ ያኮረፈ ሰው ይታረቃል። ትታዘዛለች፣ እግሬን ታጥባለች፣ ስጠራት አቤት ትላለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ተቀጥራ ክር ስታጠነጥን ቆየች። ከዚያ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ የሚያስተምር አንድ ደህና ልጅ ሽማግሌ ላከ፤ ፈቀድን።

የሠርጓ ዕለት ለምርቃት ጉልበቴን ልትስም ስትገባ ለአፍታ ሁለታችን ብቻ ሆንን። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ ለምን በጎን ሣልሽኝ ብዬ ጠየቅኋት።

"አባባ፣ እኔ የማውቀው እሱን ነው" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "እርስዎ ውኃውን ሲያዩ፣ እኔ ከጎንዎ ሆኜ እርስዎን ሳይ ነው ያደግሁት። ወደ እኔ ዞረው አያውቁም።"

ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ። ሕጉን የተማርሁባት ደሴት ሴት አትረግጣትም። የከተማችን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ደግሞ ታትመው የመጡ ናቸው፤ እዚያ ጻድቁም ኃጥኡም እንደ ፈለገ ይዞራል። እሷ አይታው በማታውቀው ሕግ ፈረድሁባት። ነግሬያትም አላውቅም። የተማርሁትን ሁሉ ለራሴ ይዤ፣ ልጄ ካልተማረችው ፈተንኋት። ወደ እሷ ዞርሁ፤ እሷ ግን ለመሳም ጎንበስ ብላ ነበር፣ ደግሞም ሙሽራ ቀና አትልም። ሽማግሌዎቹ ገቡ። መረቅሁ።

በሚቀጥለው ጥቅምት የባህል ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሥዕሉን ያወረድሁት እኔ ነኝ፣ ልጅቷ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው አልኋቸው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ወጣት ጓድ በትሕትና ሰማኝ። አባት፣ ያ እንግዳ ተመልሶ አልመጣም፣ ዕድሉም ለተማሪ ነበር፣ እሷ አሁን ባለትዳር ናት አለኝ። በጽሑፍ ባቀርብስ አልሁት። ወረቀት ሰጠኝ፤ የሚሰጠኝ እንዳዝን ስላልፈለገ መሆኑን እያወቅሁ ጻፍሁ። መልስ አልመጣም።

ይህን በአፌ ልነግራት በጀልባ ወደ ቁንዝላ ተሻገርሁ። ምሳ ልታቀርብ ስትል ደረስሁ። የሄድሁበትን፣ ያልሁትን፣ የጻፍሁትን አንድ በአንድ ነገርኋት። ይቅር በይኝ የሚለውን ቃል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ተናግሬው ስለማላውቅ ሳልለው ቀረሁ። የተናገርሁት የማመልከቻውን ነገር ብቻ ነው።

እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ደከሙልኝ አባባ" አለች። "ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል።"

ዓሣውን ከፍላ አጥንቱን እየለቀመች፣ ሥጋ ሥጋውን ወደ እኔ ታደርግ ነበር። ለብዙ ጊዜ በዚያ ሥራ ላይ ያሉ ጣቶቿን አየሁ። ጀልባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳል ብዬ ነበርና፣ የሰጠችኝን በልቼ ተነሣሁ።